ሰባት ድል፣ ስድስቱ አንድ ሜዳ ላይ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድሮች ላይ እስካሁን 30 ጨዋታ አድርጓል። 7 አሸነፈ፣ 4 አቻ ወጣ፣ 19 ተሸነፈ። ከሰባቱ ድሎች ስድስቱ የተገኙት በአንድ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ነው፦ ሁለቱ በ1954፣ ሦስቱ በ1960፣ አንዱ በ1968 ዓ.ም.። ሰባተኛው የተገኘው ሌላ አገር ነው። የት እንደሆነ ቆይቶ ይመጣል፤ የተለመደውን ማብራሪያ ሁሉ የሚያፈርሰው እሱ ነውና።

ይህን ቁጥር ለኳስ ወዳድ ብትነግሩት መልሱ አፉ ላይ ነው። «አየሩ ነዋ!» ይላል። «ከቆላ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ ስንት ደቂቃ ይሮጣል? ስልሳ ደቂቃ ከሞላው በኋላ ምላሱን አውጥቶ ይቆማል።» ከዚያ ደግሞ የዚያው ተገላቢጦሽ ይከተላል። የኛ ልጆች ካርቱም ወይም አቢጃን ሲወርዱ ሙቀቱ ያቀልጣቸዋል ይባላል። እንዲህ እየተባለ ስልሳ ዓመት አለፈ። ሲሸነፉ ሙቀቱ፣ ሲያሸንፉ ብርዱና ከፍታው።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የአዲስ አበባ ስታዲየም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው በሩብ ገደማ ያንሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷም ትፈጥናለች፤ ከሩቅ የተመታች ኳስ በረኛው ከገመተው ቀድማ ትደርሳለች። በአየሩ ያልኖረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቸገራል። ይህን ማንም ሐኪም ይናገራል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህ አየር ስንት ጨዋታ አሸንፏል?

ከዚያ በፊት ግን እምነቱ ከየት እንደመጣ ማየት ደግ ነው፤ ከኳስ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማልና። የሀበሻ ደገኛ አገሩን የሚከፍለው በአየር ነው፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ይህ የአየር ጠባይ ሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን የሥጋት ሠንጠረዥም ነበር። ጋይንት ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ ወዲያ ወዲህ ያለው ሰው የሚኖረው ስሟ ሁሉን በሚናገር ከተማ አካባቢ ነው፦ ነፋስ መውጫ። ለዚያ ሰው ቆላ መውረድ ማለት ከንዳድ ጋር መገናኘት ነበር። ወባ ደጋ ላይ ስለማይኖር የደገኛው ሰውነት አያውቀውም። ለዚያውም ንዳዱ ራሱ ወደ ላይ የወጣበት ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ ወደ ደጋማው አገር ዘልቆ 150 ሺህ ገደማ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ያንን ያየ ትውልድ ልጆቹን «ቆላ አትውረዱ» ብሎ ቢያሳድግ ምን ይገርማል? ኳስ ሲመጣ ይኸው ፍርሃት ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገባ።

የመጀመሪያው ማስረጃም ወዲያው ተገኘ። የካቲት 1949 ዓ.ም.፣ ካርቱም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ከውድድሩ ስለወጣች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አንድ ሰው ነው፣ አድ ዲባ። በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ ያው ግብፅ፣ ያው 4 ለ 0፤ ሱዳንም 1 ለ 0 ጨመረችበት። ሁለት ውድድር፣ ሁለት የሙቀት አገር፣ ዜሮ ግብ።

ከዚያ ጥር 1954 መጣ።

ውድድሩ በጠቅላላው የፈጀው አንድ ሳምንት ነበር፤ አራት ቡድን፣ አንድ ስታዲየም። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ያኔ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ እየተባለች የምትጠራው ግብፅ ደግሞ ኡጋንዳን 2 ለ 1። ጥር 13 ቀን ፍጻሜው ተደረገ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች፤ ሁለተኛውን በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባው። ተጨማሪ ሰዓት ሲመጣ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ለሉቺያኖ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው።

እንግዲህ የአየሩ እምነት የቆመው በዚህች ሠላሳ ደቂቃ ላይ ነው። ከናይል ዳር የመጡት ግብፆች በመደበኛው 90 ደቂቃ ሁለት ጊዜ መርተው፣ ሳንባ በሚጠየቅበት ሰዓት ሁለት ግብ ገባባቸው። ታሪኩ አፍ የሚሞላ ነው፤ ደግሞም ከፊሉ እውነት ይመስላል። ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለት ከባድ ጨዋታ በ2,300 ሜትር ላይ ማድረግ ለእንግዳ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን በዚያ ቡድን ውስጥ የነበረው ሌላው ነገር በአየሩ ወሬ ተሸፈነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ራሳቸው ተጫውተው ያለፉ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩ ሰው። የቫሳሎ ወንድማማቾች የአስመራ ልጆች ናቸው፤ ያኔ አስመራ ላይ ክለቦች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይፎካከሩ ነበር። ሉቺያኖ ደግሞ የድሬዳዋውን የኮተንን ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል። ኮተን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ነው፤ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ከአንድ ጊዜ በላይ ወስዷል። ድሬዳዋ የምትገኘው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአገሪቱ ኳስ በወርቃማ ዘመኑ ከዋና ከተማው ደጋ ብቻ ሳይሆን ከሙቀቱም አገር ይበላ ነበር ማለት ነው። ይህን ግን ማን ያስታውሳል? ጀግናው አየሩ ሆነ።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ያው ስታዲየም፣ ያው ጥር፣ ያው ተጨማሪ ሰዓት ተመልሶ መጣ። በ1960 ውድድሩ ስምንት ቡድን ነበረው። ኢትዮጵያ ያለችበት ምድብ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላው ምድብ አስመራ ላይ ተጫወተ። ኢትዮጵያ ኡጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ምድቧን ጨረሰች። ሦስት በሦስት። በዚህ አካሄድ ዋንጫው እዚያው የቀረ መሰለ።

በጥምቀት ሰሞን በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚዋ ኮንጎ ኪንሻሳ ነበረች። ኪንሻሳ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሙቀቷ ከርጥበት ጋር የሚጋገር ከተማ ናት። እንደ እምነቱ ከሆነ ኮንጎዎች በተጨማሪው ሰዓት መውደቅ ነበረባቸው። ጨዋታው 2 ለ 2 አልቆ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። 3 ለ 2 ያሸነፉት ኮንጎዎች ናቸው። ሁለት ቀን ቆይተው ጋናን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ኢትዮጵያ ለሦስተኝነትም ከአይቮሪ ኮስት ጋር ተጫውታ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ምድብ ላይ ያሸነፈቻት ያችው አይቮሪ ኮስት ናት።

አየሩ ያኔ የት ሄደ?

መልሱ ካርታው ላይ አለ። ኮንጎዎች ወደ አዲስ አበባ የመጡት ከኪንሻሳ በቀጥታ አልነበረም። የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት አስመራ ላይ ነው፤ አስመራ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ጋር ትከሻ ለትከሻ። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ አየር ሦስት ጨዋታ አድርገው ሳንባቸውን አላምደው ወረዱ። ሌላዋ ፍጻሜ ደራሽ ጋናም የመጣችው ከዚያው ከአስመራ ምድብ ነው። ውድድሩን ያሰናዳው ወገን ሁለት ደገኛ ከተማ መርጦ ተጋጣሚዎቹን በነጻ አለማመደ ማለት ይቻላል። ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ በዘመኑ ለእንዲህ ያለ ውድድር የሚበቃ ሜዳ የነበረው በእነዚያ ከተሞች ነው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነበር፤ የከፍታ ብልጫ ዕድሜው በቀናት የሚቆጠር ነገር ነው።

ትምህርቱን የተማረ አልነበረም። የካቲት 1968 ውድድሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሁለተኛዋ ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። ዘውዱ ወርዷል፣ ደርግ ሥልጣን ላይ ነው። ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብፅና ኡጋንዳ አዲስ አበባ ቀሩ፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የያኔዋ ሻምፒዮን ዛየር ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። በአየሩ እምነት ሚዛን ይህ የተዋጣለት ዕቅድ ይመስላል። ባለሜዳው በብርዱ ይቀመጣል፣ ግማሹ ተፎካካሪ ሙቀት ላይ ሲዳከም ይቆይና ሳይለማመድ ለመጨረሻው ዙር ወደ ደጋ ይወጣል።

የሆነው ግን ይህ ነው። ኢትዮጵያ ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፈች፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፈች፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ወጣችና በገዛ ሜዳዋ፣ በገዛ አየሯ ከምድቡ ቀረች። ዋንጫውን የወሰደችው ከድሬዳዋ ሙቀት የወጣችው ሞሮኮ ናት። መጋቢት 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ጊኒ ስትመራ ቆይታ ሞሮኮ በ86ኛው ደቂቃ አቻ አደረገች፤ ለሻምፒዮንነት አቻው በቂዋ ነበር። በ86ኛው ደቂቃ! በእምነቱ መሠረት የቆላ ሰው ምላሱን አውጥቶ መቆም በሚገባው ሰዓት።

እስከዚህ ያለው የደጋው ጎን ነው። የሙቀቱ ጎንስ?

ለሙቀቱ ሰበብ የሚሆን ቁጥር ሞልቷል። በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፤ አንዱ 6 ለ 1 ነው፣ የአይቮሪ ኮስቱ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት ያገባበት። በ1974 ሊቢያ ላይ አንድም ግብ ሳይገባ ወደ ቤት። ነገር ግን በ1958 ህዳር ላይ ቱኒዚያ ምን ሙቀት ነበር? ህዳር ቱኒዚያ ላይ የአዲስ አበባን የሚመስል አየር ነው፤ ቡድኑ ግን በቱኒዚያ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸንፎ ተመለሰ። ያን ሽንፈት ማንም በአየር ሊያመካኘው አይችልም።

አሁን ሰባተኛው ድል። ህዳር 1956 ዓ.ም.፣ አክራ፣ ጋና። አክራ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ናት፤ ማለዳ ላይ እንኳ ሸሚዝ ጀርባ ላይ የሚጣበቅባት ከተማ። ኢትዮጵያ በአስተናጋጇ ጋና 2 ለ 0 ከተሸነፈች በኋላ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ከአዲስ አበባ ውጭ በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር የተገኘው ብቸኛ ድል ይህ ነው፤ የተገኘውም እምነቱ «እንቀልጣለን» በሚለው ዓይነት አየር ውስጥ። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቱኒዚያ ላይ የተመዘገበው ውጤት ስንት ነበር? 4 ለ 2። ከፍታው በ2,300 ሜትር ቢለያይ ውጤቱ በአንድ ግብ እንኳ አልተለየም። ጥሩ ቡድን ስለነበረ አሸነፈ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሚያመጣ ሰው ካለ ያምጣ።

ለአየሩ እምነት ፍትሕ መስጠት ካስፈለገ 2005 ዓ.ም. አለ። በሰውነት ቢሻው የሚሠለጥነው ቡድን ለ31 ዓመት የተቋረጠውን የአፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ከሱዳን ጋር ደርሶ መልስ ተጫወተ። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፈ፤ ጥቅምት 4 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ኢትዮጵያ አለፈች። ያን ቀን ከተማው እንዴት እንደዋለ ያየ ያውቀዋል። «ይኸው፣ ሙቀቱ ላይ አምስት፣ ብርዱ ላይ ዜሮ» ያለ ብዙ ነበር። ነገር ግን ልብ ያላለው ነገር፣ ኢትዮጵያን ያሳለፋት ሙቀቱ ላይ የገቡት ሦስት ግቦች መሆናቸውን ነው።

ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ያው ስታዲየም ናይጄሪያን ለዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ አስተናገደ። በኃይሉ አሰፋ ኢትዮጵያን መሪ አደረገ። ከዚያ የናይጄሪያው ኢማኑኤል ኢመኒኬ በ67ኛው ደቂቃ አንድ፣ በ90ኛው በፍጹም ቅጣት ምት ሌላ ጨመረ። ኮንጎ በተጨማሪ ሰዓት፣ ሞሮኮ በ86ኛው፣ ናይጄሪያ በ90ኛው። የእንግዳ ትንፋሽ ያልቃል የተባለበት ሰዓት በተደጋጋሚ የባለሜዳው ትንፋሽ ያለቀበት ሆነ።

ይህ ክርክር የሀበሻ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል፣ በእጅ በሚያዘው ማለት ነው፣ ስለ ብርድና ሙቀት ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋል። የ1960ው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1967፣ ግሪን ቤይ የምትባል የሰሜን ከተማ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆና የዳላስን ቡድን አስተናገደች። የዳኞቹ ፊሽካ ከንፈራቸው ላይ ይጣበቅ ነበር። ባለሜዳው 21 ለ 17 አሸነፈ፤ ግን ያሸነፈው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነው። ከሞቃቱ ቴክሳስ የመጣው ቡድን እስከዚያች ቅጽበት ይመራ ነበር፤ ታሪኩ ሲወራ ግን ብርዱ ብቻ ይነሣል። ሱፐር ቦል የሚሉትን ትልቁን ፍጻሜያቸውንማ ለአሥርት ዓመታት ሞቃት ከተማ ወይም ጣሪያ ያለው ስታዲየም ውስጥ ብቻ ነበር የሚያደርጉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የካቲት ወር ላይ በብርድ አገር፣ ጣሪያ በሌለው ሜዳ ኒው ጀርሲ ላይ ሲያደርጉት ስንት ተጻፈ፣ ስንት ተፈራ። በጨዋታው ዕለት 9 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ማለትም ጋይንት ላይ እንደ ተራ ጠዋት። ሲያትል ዴንቨርን 43 ለ 8 አደቀቀው። ዴንቨር ብርድ የለመደች፣ 1,600 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። በረዶው የጣለው በማግስቱ ነው።

የከፍታው ክርክር ደግሞ ፊፋ ድረስ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ወሰነ። አዲስ አበባ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብላ ዳነች። የተመታችው የቦሊቪያዋ ላፓዝ ነበረች፣ 3,600 ሜትር ገደማ። ቦሊቪያውያን አገር ይያዝልን አሉ፣ ማራዶና ራሱ ላፓዝ ወጥቶ ኳስ በመጫወት ደገፋቸው፣ እገዳው በ2008 ተነሣ። በ2009 ማራዶና የአርጀንቲና አሠልጣኝ ሆኖ ወደዚያው ሲመለስ 6 ለ 1 ተሸነፈ። ከፍታ ጨዋታ ማሸነፍ ይችላል፣ ይህ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ያችው ቦሊቪያ ከ1994 በኋላ እስከ 2022 በተደረጉት የዓለም ዋንጫዎች አንዱም ላይ አልታየችም። ላፓዝ ላይ ያገኘችውን ታች ወርዳ ትመልሰዋለች።

ወደ አገር ቤት። ከጋይንት የሚነሣ ደጋፊ ብሔራዊ ቡድኑን በቅርብ ያየበት ጊዜ አጭር ነው፤ የባሕር ዳር ዘመን። ከነፋስ መውጫ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወርዳል፣ ከዚያ ጣና ዳር። ካፖርቱን ደብረ ታቦር ላይ ያወልቃል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ሞቅ ያለች። የአየር እምነተኞች እዚህ ላይ አጉረመረሙ፤ «አዲስ አበባን ትተን ለምን ወደ ሙቀቱ ወረድን?» የሚል። ህዳር 9 ቀን 2012 ግን አይቮሪ ኮስት እዚያ 2 ለ 1 ተሸነፈች። መጋቢት 2013 ማዳጋስካር 4 ለ 0። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ አቢጃን ወርዳ 3 ለ 1 እየተመራች ሳለ ጋናዊው ዳኛ ሜዳ ላይ ታሞ ወደቀ፣ ጨዋታው በ80ኛው ደቂቃ ቆመ፤ ሆኖም ማዳጋስካርና ኒጀር አቻ በመውጣታቸው ኢትዮጵያ ወደ ካሜሩን አለፈች።

መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር መጣችና 3 ለ 1 አሸነፈች። ጆሃንስበርግ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ከባሕር ዳር ጋር ያላት ልዩነት ጋይንት ውስጥ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲሄዱ የሚያጋጥመውን ያህል እንኳ አይሆንም። ለደቡብ አፍሪካውያን የባሕር ዳር አየር የሰፈራቸው አየር ነው።

በዚያው በ2013 የውድድር ዘመን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር፣ በቂ ያልተወራለት። ፕሪሚየር ሊጉ በኮሮና ምክንያት በአምስት ከተሞች እየተዘዋወረ ተደረገ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጎንደር ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ፋሲል ከነማ የደጋፊውን ድምፅ ሳይሰማ፣ የጎንደርን አየር ሳይተነፍስ፣ ከአዲስ አበባው ብርድ እስከ ድሬዳዋው ሙቀት ተዘዋውሮ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ። የአየሩ እምነት እውነት ቢሆን ኖሮ ከደገኛ ከተማ የመጣ ቡድን ድሬዳዋ ላይ መቅረት ነበረበት።

ጋይንትን ካነሡ አይቀር፣ እዚያ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ናት። ተማሪው ከጎጃምም ከሸዋም ተነሥቶ ዓመታት ተጉዞ እዚያ የሚወጣው ብርዱ ዜማ ያሳምራል ብሎ አይደለም። መምህሩ፣ መጽሐፉና ሥርዓቱ ከትውልድ ትውልድ እዚያ ስለቆዩ ነው። ቦታን ቦታ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ነገር እንደሆነ ደገኛው በትምህርቱ በኩል ጥንት ያውቀዋል። በኳሱ በኩል ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ አየሩ እንዲጫወትለት ጠበቀ።

ካፍ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ከታገደ በኋላ ባሕር ዳርም ተከተለ። የካፍ መመዘኛ ሣሩን፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ የሕክምና ክፍሉን ያያል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው የሚል ጥያቄ በውስጡ የለም። እናም ኢትዮጵያ «በሜዳዋ» ከጋና ጋር ጆሃንስበርግ ላይ ተጫወተች፣ 1 ለ 1። በ2016 መባቻ ከሴራሊዮንና ከቡርኪና ፋሶ ጋር ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ላይ፣ ከውቅያኖስ ዳር። ከወራት በኋላ ከኮንጎ ጋር ዳሬሰላም ላይ፣ እንደገና ከውቅያኖስ ዳር። የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ ሦስት ጊዜ ያስተናገደች፣ የባለሜዳነቱን ጨዋታ ለማድረግ ሜዳ ተከራየች። ኪራይ፣ ትኬት፣ ሆቴል። ከስታዲየሙ ዙሪያ ቆሎና ውኃ የሚሸጠው ልጅ፣ ባጃጁ፣ ምግብ ቤቱ የሚያገኘው ገቢም አብሮ ተሰደደ።

አዲስ አበባ ውስጥ አደይ አበባ ስታዲየም የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታሰበ ነው። ኢትዮጵያ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት ፍላጎት እንዳላት ስትገልጽ ሰው ወዲያው ከተማ መምረጥ ጀመረ፤ ክርክሩም እንደገና ያው ሆነ። ደገኞቹን ከተሞች ለኛ፣ ቆለኞቹን ለእንግዶች የሚል ሐሳብ በየሻይ ቤቱ ይሰማል። በ1968 የተሞከረው እሱ ነው። ያኔ ዋንጫው ወደ ሞሮኮ ሄደ።

ከስደት ጨዋታዎቹ ሁሉ የሚነሣው የሰኔ 2 ቀን 2014ቱ ነው። ሊሎንግዌ፣ ማላዊ፤ 1,050 ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ከፍታ ግማሽ አይሞላም። ተጋጣሚዋ ግብፅ ነበረች፤ ሳላህ በጉዳት አልተሰለፈም፣ ይህ መነገር አለበት። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ። 2 ለ 0። ያችን ግብፅ፣ የካርቱሟን የ4 ለ 0 ግብፅ፣ በሰው አገር ሜዳ፣ በሰው አገር አየር። የጋይንቱ ደጋፊ ያን ቀን ወደ ባሕር ዳር አልወረደም፤ ካፖርቱን እንደለበሰ ነፋስ መውጫ ላይ፣ ዲሽ ካለው ምግብ ቤት ተቀምጦ ባለሜዳውን ቡድን ከማላዊ ተመለከተ።